ከጭብጨባ በፊትና ከጭብጨባ በኋላ

ሰው የሚወደውን ሰው የሚሸኝበት ሥርዐት ጠባዩን ይገልጣል። በለቅሶ ቤት፥ በሙሽራ ሽኝት፥ በጡረታ ስንብት ቀን የሚነገረውን ቃል ያዳመጠ ሁሉ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም፤ ይኸውም ሰውዬው በመካከላችን ሳለ ሊነገረው ይገባ የነበረው ምስጋና ተጠራቅሞ በሚሄድበት ቀን መፍሰሱ ነው። እኔ ራሴ አርባ ዓመት ያህል አስተምሬ በጡረታ ስሰናበት ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው፥ ንግግር አድርገው፥ አጨብጭበው ሸኝተውኛል። ጋቢውን እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ፤ ንግግሩን ግን ያን ዕለት ማታ ሳስታውሰው ሳቅሁ፤ ያ የተመሰገነውን መምህር እኔም ባውቀው ደስ ባለኝ ነበርና። እንግዲህ ስለ ጭብጨባ ለመጻፍ የተነሣሁት ጭብጨባን ከሚንቁት ወገን ሆኜ አይደለም፤ ተጨብጭቦልኝ የሞቀኝ፥ ደግሞም ለሌላው አስጨብጭቤ የበደልሁ ሰው ሆኜ ነው እንጂ።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ በእጅ ስልኩ ላይ አንድ የቈየ ፊልም አሳየኝ። ልጁ ከትምህርቱ ይልቅ የእግር ኳስ ወሬ የሚጠናለት ዐይነት ነው። በፊልሙ ላይ በኢጣልያ አገር፥ በሚላኖ ከተማ፥ ሰማንያ ሺህ ያህል ሰው በሚይዘው በሳን ሲሮ ስታዲዮም አንድ ረጅም ወጣት ብቻውን ሜዳውን ይዞራል። የተጫዋች ልብስ አልለበሰም፤ ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ ጃኬት ደርቧል። በዝግታ እየሮጠ እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ ለሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ሕዝቡም ቆሞ ያጨበጭብለታል፥ ስሙንም ይጠራል። አሠልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ፥ በኮስታራነቱ የታወቀው ያ ሰው፥ እንባውን መያዝ አቅቶት ያለቅሳል። ጊዜው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1995፥ ወሩ ኦገስት ነው፤ የሚላን ቡድን ከዩቬንቱስ ጋር ከመጋጠሙ በፊት የተደረገ ስንብት ነው። የሚሰናበተውም የሆላንዱ ተወላጅ ማርኮ ቫን ባስተን ሲሆን ዕድሜው ገና ሠላሳ ዓመት ነበረ።

«ያዩታል አባባ፥ እንዴት ይወዱት እንደ ነበር!» አለኝ ልጁ።

እኔም መልስ አልሰጠሁትም። ፊልሙን ደግሞ እንዲያሳየኝ ብቻ ለመንሁት። መልሴ ይህ ጽሑፍ ነው።

አስቀድሞ የሰውየውን ታሪክ በአጭሩ ልናገር፤ ምን እንደ ጠፋ ያላወቀ ሰው የኀዘኑን ልክ ሊመዝን አይችልምና። ቫን ባስተን በ1964 በኡትሬክት ከተማ ተወለደ። በ1982 ለአያክስ ቡድን በመጀመሪያ የገባው ታላቁን ዮሃን ክራይፍን ተክቶ ነበር፤ በዚያውም ቀን ግብ አገባ። በሆላንድ ሊግ 133 ጊዜ ተሰልፎ 128 ግብ አግብቷል፤ አራት ዓመት በተከታታይም የአገሪቱ ሊግ ከፍተኛ አግቢ ሆኗል። በ1987 ወደ ሚላን ተሻገረ። በ1988 በምዕራብ ጀርመን በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ በእንግሊዝ ላይ ሦስት ግብ አገባ፤ በግማሽ ፍጻሜው ጀርመኖችን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ባገባው ግብ አሸነፈ፤ በፍጻሜውም ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲጫወቱ ከሩቅ የተሻገረለትን ኳስ መሬት ሳይነካ ከሜዳው ጥግ አቅራቢያ፥ ግቡ ጠባብ ሆኖ ከሚታይበት ስፍራ መትቶ አገባ። ያችን ግብ ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ስለ እርሷ ይነጋገራሉ። የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የወርቅ ኳስ በ1988፥ በ1989 እና በ1992 ሦስት ጊዜ ተቀብሏል። በኖቬምበር 1992 ከስዊድኑ የጎተቦርግ ቡድን ጋር በአንድ ጨዋታ አራት ግብ አገባ። ከዚያ በኋላ በሜዳ ላይ የቀረው ዕድሜ ስድስት ወር ብቻ ነበረ።

ይህን ሁሉ የሠራው በታመመ እግር ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ የተጐዳው በዲሴምበር 1986፥ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ሳለ፥ አያክስ ከግሮኒንገን ጋር ሲጫወት ነው። ብዙ ሰዎች ጨካኝ ተከላካዮች ብቻ ሰበሩት ይላሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በዚያ ቀን ተንሸራትቶ ወደ ሌላው ተጫዋች እግር የገባው ራሱ ቫን ባስተን ነበረ። ጉዳቱ ሳይድን በሜይ 1987 በአቴና የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ፍጻሜ ተጫወተ፤ ብቸኛዋንም ግብ አገባ። ሕክምናው የተደረገለት በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ ወደ ሚላን ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያም በኋላ ተከላካዮች ከኋላ እየመጡ እግሩን መቱት፤ ዳኞችም ብዙውን ጊዜ ዝም አሉ፤ ቁርጭምጭሚቱም እያደር ደከመ። በዲሴምበር 1992 ሁለተኛ ጊዜ ተቀደደ፤ በጸደይ ወራት ተመለሰ፤ በሜይ 26 ቀን 1993 በሙኒክ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ፍጻሜ ሚላን በፈረንሳዩ የማርሴይ ቡድን አንድ ለዜሮ ሲሸነፍ፥ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተቀይሮ ወጣ። ያ የመጨረሻው ጨዋታው ነበረ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ዓመት ነው።

የሳይንስ መምህር ስለ ነበርሁ ይህን ነገር ሳላብራራ ማለፍ አልችልም። በመጋጠሚያችን ውስጥ ሁለት አጥንቶች ሲገናኙ እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ ጫፋቸው በለስላሳ ሽፋን ተሸፍኗል። ይህ ሽፋን የደም ሥር የለውም፤ ደም የማይደርሰው ነገርም ሲቈስል እንደ ቈዳ አይገጥምም። ሽፋኑ አንድ ጊዜ ካለቀ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። እግዚአብሔርም ለዚህ ክፉ ነገር ዘበኛ አቁሟል፤ ዘበኛውም ሕመም ነው። ሕመም «ቁም፥ አትርገጥ» ይላል። እኛ ግን በማደንዘዣ መርፌ ዘበኛውን እናስተኛና ቤቱ ደኅና ነው እንላለን። ሌባው ግን አልተኛም።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ። ያ ስንብት መልካም ነበረ ወይስ አልነበረም? ፍርድ ከመስጠቴ በፊት በጎነቱን ልቍጠር፤ የሚተች ሰው አስቀድሞ የበጎውን ዕዳ ሊከፍል ይገባዋልና።

አንደኛ፥ ሕዝቡ የመጣው ሊጫወት ለማይችል ሰው ነው። ከእርሱ ከእንግዲህ ግብ አይገኝም፤ ዋንጫም አይገኝም። ጥቅም ከማይገኝበት ሰው ዘንድ ቆሞ ማጨብጨብ ንጹሕ ነገር ነው። ብዙ ሰው ዛፉን የሚያውቀው ፍሬ ሲሰጥ ብቻ ነውና፥ ይህን ማድረጋቸው ሊመሰገኑበት ይገባል።

ሁለተኛ፥ እንባው እውነተኛ ነበረ። ሰዎቹ የተለማመዱትን አላደረጉም፤ ካፔሎም ሊታይ ብሎ አላለቀሰም። የሰው ውበት በጊዜው ሳይሆን ያለ ጊዜው ሲጠፋ የሚያለቅስ ሕዝብ ገና ልቡ አልደነደነም። የኳስ ጨዋታ ከንቱ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን ያችን በ1988 የገባች ግብ ካየሁ በኋላ፥ አንድ ሰው አካሉን እንዲህ አድርጎ ማዘዝ ከቻለ፥ ያ ከእጅ ጥበብና ከዜማ የማያንስ ስጦታ ነው እላለሁ።

ሦስተኛ፥ ምስጋናው የሁለት ወገን ነበረ። ተጫዋቹም ለሕዝቡ አጨብጭቧል። ሁለቱም ዕዳ እንዳለባቸው የተስማሙ ይመስላል።

በጎነቱ ይህ ነው። ጉድለቱ ግን በፊልሙ ውስጥ አይታይም፤ ከፊልሙ በፊትና ከፊልሙ በኋላ ያለ ነው። ጭብጨባን ለመመዘን ከተፈለገ ራሱን ጭብጨባውን ማድመጥ አይበቃም፤ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ያሻል። ከዚህ በፊት ከዚህ ሰው ምን ስንጠይቅ ኖርን? ከዚህስ በኋላ ወደ ቤቱ ማን ይሄዳል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልከት። ያ ቆሞ ያለቀሰ ሕዝብ በየሳምንቱ እሑድ እሑድ ምን ይጠይቅ ነበር? ቫን ባስተን ይግባ ይል ነበር። ታሞ ሲቀር መቼ ይመለሳል ይል ነበር። በሌላ ሜዳ ደግሞ የራሱ ቡድን ተከላካይ የሌላውን አጥቂ ከኋላ ሲጥለው ያው ሕዝብ እሰይ ይላል። ይህ የሚላኖዎች ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ሁሉ ያለ ነው። ተመልካች ሁሉ የእኔ ተጫዋች አይነካ፥ የእነርሱ ግን ይመታ ይላል፤ ሁሉም እንዲህ ካለ ግን የማይመታ ተጫዋች ከወዴት ይገኛል? የሚመቱትን የሚቀጣ ጥብቅ ትእዛዝ ለዳኞች የተሰጠው በ1994 በአሜሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ነው፤ ከኋላ የሚደረግና የሌላውን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ግጥሚያ በቀይ ካርድ እንዲቀጣም በ1998 በሕጉ ተጻፈ። ሕጉ መልካም ነው፤ ዛሬ የልጅ ልጄ የሚወዳቸው ተጫዋቾች የሚጠበቁት በዚህ ሕግ ነው። ነገር ግን ለቫን ባስተን ዘግይቶበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ያ እንባ ከፊሉ የኀዘን፥ ከፊሉ ደግሞ የዘገየ ሕሊና እንባ ነበረ፤ ያለቀሱት ሰዎች ግን ሁለቱን አልለዩትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው። ከመጨረሻው ጨዋታ እስከ ስንብቱ ቀን ሁለት ዓመት አልፏል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቫን ባስተን እንደ ገና ተቀደደ፤ እግሩን በብረት አስረው አጥንቶቹን ለያይተው ለማቈየትም ሞከሩ። በ2019 ባሳተመው የሕይወቱ መጽሐፍ በዚያ ዘመን ሌሊት ከአልጋው ወደ መታጠቢያ ቤት መቆም አቅቶት በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ይሄድ እንደ ነበር ይተርካል። አስብ እንግዲህ፤ በመላው ዓለም የተደነቀው እግር በገዛ ቤቱ ወለል ላይ ጥቂት እርምጃ መርገጥ አቃተው። በዚያ ሌሊት ጭብጨባ የለም፤ ስሙን የሚጠራም የለም። ሕመሙም የለቀቀው የቁርጭምጭሚቱ አጥንቶች አንድ ላይ ገጥመው እንዲደድሩ ከተደረገ በኋላ ነው፤ ሕመሙ ቆመ፥ ቁርጭምጭሚቱ ግን ከእንግዲህ አይተጣጠፍም። ያን የስንብት ዙርም እንደ ደስታ ዙር አላሰበውም፤ ታላቅ ኀዘን ሆኖበት ነበረ። ለተመልካቹ ያማረ ፍጻሜ የሆነው ለባለቤቱ የቀብሩን ሥርዐት ቆሞ እንደ ማየት ነበረ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ተመልካች ምን ያድርግ? በመቀመጫው ላይ ያለ ሰው ከማጨብጨብ በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄው የሚገባ ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር በሎንዶን ከተማ በማርች 17 ቀን 2012 ተደርጓል። የቦልተን ቡድን ከቶተንሃም ጋር ሲጫወት ፋብሪስ ሙአምባ የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ማንም ሳይነካው በሜዳው ላይ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበረ። ስታዲዮሙ ጸጥ አለ፤ ከዚያም የሁለቱም ቡድን ደጋፊዎች በአንድነት ስሙን ይጠሩ ጀመር። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከተመልካቾቹ መካከል አንድ ሰው ከዚህ የበለጠ አደረገ። ጨዋታ ሊያይ የመጣ የልብ ሐኪም ነበረ፤ ከመቀመጫው ተነሣ፥ ጠባቂዎቹን አስፈቅዶ ወደ ሜዳው ወረደ፥ የወደቀውንም ልጅ ከቡድኖቹ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ረዳ፤ ወደ ራሱ ሆስፒታልም እንዲወሰድ አደረገ። የሙአምባ ልብ በራሱ ሳይመታ 78 ደቂቃ ቈይቶ ነበር፤ ልጁ ግን ዳነ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ኳስ መጫወት ማቆሙን ተናገረ፤ በኖቬምበርም ወደ ወደቀበት ሜዳ ተመልሶ ሲመጣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ እርሱም አለቀሰ።

ይህንም ጭብጨባ ከሚላኖው ጋር ሳስተያየው በድምፅ ልዩነት የለውም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከሎንዶኑ ጭብጨባ በፊት አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ መውረዱ ነው። ሁሉም ሰው የልብ ሐኪም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ሊነሣበት የሚችል መቀመጫ፥ ሊወርድበትም የሚችል ሜዳ አለው። እኔም ነበረኝ። አልወረድሁም።

ይህን ነገር እስከ ዛሬ በጽሑፍ አላወጣሁትም፤ አሁን ግን ሌላውን ተችቼ ራሴን ሸሽጌ ባልፍ ጽሑፌ ውሸት ይሆንብኛል።

በእኛ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. በአንድ የአውራጃ ከተማ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ ሃያ አራት ሲሆን ከሳይንስ ትምህርት ሌላ የስፖርት ኀላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር። እኔን ራሴን ያሳደገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ኳስን እንደ ግብረ ገብ ትምህርት አድርጎ ያስተምረን ስለ ነበረ፥ እኔም ልጆቼን በዚያው መንገድ ለመምራት ተነሣሁ። ከልጆቹ መካከል በግራ በኩል የሚጫወት አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረ። አባቱ ሞቶበታል፤ እናቱ ጠላ እየሸጠች ታሳድገዋለች፤ ከትምህርት በኋላ እንጨትና ውሃ የሚሸከምላት እርሱ ነው። ኳስ በእግሩ ስትገባ የከተማው ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ይነሣ ነበር።

በትምህርት ቤቶች ውድድር ለፍጻሜ ደረስን። በግማሽ ፍጻሜው ልጁ ጉልበቱን ተጐድቶ አበጠ። ሐሙስ ዕለት ከቤታቸው ሄጄ አየሁት። «መምህር፥ ስረግጥ ይከዳኛል» አለኝ። ወጌሻው ቀድሞ አይቶት ኖሮ፥ አንድ ወር እንዳይረግጥበት ብሎ በግልጥ ነገረኝ። እናቱም በበሩ ቆማ፥ «ጌታዬ፥ ይቅርብኝ፤ እኔ ያለሱ ማን አለኝ?» አለችኝ። እኔም ምን አልሁ? ለአንዲት እሑድ ብቻ ነው አልሁ። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ያርፋል አልሁ። የትምህርት ቤቱ ክብር ነው አልሁ። የማከብራቸው ሰዎች ዋንጫውን ከእኔ ይጠብቁ እንደ ነበር ግን አልተናገርሁም። ወጌሻው ያለውንም ለማንም ሳልነግር ዋጥሁት። ሴትዮዋ መምህር ስለ ሆንሁ እሺ አለች። ልጁም ስለ ወደደኝ እሺ አለ።

እሑድ ጉልበቱን በጨርቅ ጠፍሬ አስገባሁት። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። በሁለተኛው ግማሽ ልጁ ማንም በአጠገቡ ሳይኖር ለመዞር ሲል ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ፤ በሰው ትከሻ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሥር ተማሪዎቹ ሁሉ ተሰለፉ። ልጁን በትከሻ ተሸክመው አመጡት። ንግግሩን ያደረግሁ እኔ ነበርሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ ብሎ ራሱን የሰጠ ጀግና ነው አልሁ፤ ድምፄ ተቈረጠ፤ አለቀስሁ። አንድ መዝገበ ቃላትና አንድ እስክሪብቶ ሸለምነው። ስድስት መቶ ያህል ተማሪ ብዙ ደቂቃ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን የበለጠ ያማረ ነገር በዚያ ትምህርት ቤት አላየሁም። ከዚያ ቀን የበለጠ ሐሰተኛ ነገርም አልሠራሁም።

ልጁ ከዚያ ወዲያ አልሮጠም። እናቱን እንጨት ሊሸከምላት አልቻለምና በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ስፌት ለመማር ገባ። እኔም ወደ ሌላ አገር ተዛወርሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ዐልፎ በዚያ ከተማ ሳልፍ በገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ በልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው፤ እርሱ ግን በግራ እግሩ ብቻ ይረግጥ ነበር፤ ቀኙን ዘርግቶ በጣውላ ላይ አሳርፎታል። ሲያየኝ ሊነሣ ታገለ። አቀፈኝ፤ ቡና አስፈላልኝ፤ ልጆቹንም አሳየኝ። እኔም ቃሉ እየከበደኝ ይቅርታ ጠየቅሁት።

እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ስለ ጨዋታው አይዘኑ፤ እኔም መጫወት ወድጄ ነበር። ጭብጨባውም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ያን ሰሞን ማታ ማታ ይመጣሉ እያልሁ በሩን እመለከት ነበር» አለኝ።

እውነት ነው፤ አልሄድሁም። ለምን አልሄድህም ብትሉኝ፥ ሰኞ ጠዋት ሁሉን ነገር የከፈልሁ መስሎኝ ነበር። ጭብጨባው ዕዳዬን የሰረዘልኝ መስሎኝ ነበር። ወደዚያ ቤት ብሄድ እናቱን በበሩ ላይ አገኛለሁ፤ እርሷ ፊት ደግሞ ንግግር አይደረግም። በሕይወቴ የሠራሁት ስሕተት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ የመጀመሪያውን በወጣትነት ጥድፊያና በክብር ፍላጎት ሠራሁት ልል እችላለሁ፤ ለሁለተኛው ግን ምክንያት የለኝም።

የልጅ ልጄ ያሳየኝን ፊልም ደግሜ ደግሜ ያየሁት ስለዚህ ነው። ያ ሮዝ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ሜዳውን ሲዞር እኔ የማየው የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶና የዚያን ልጅ ፊት ነው። ሕዝቡ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ጨዋታውም እንደሚቀጥል አውቃለሁ። ያ ሰው ግን ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ለተጐዳ ሰው ማጨብጨብ አይከለከል፤ ያላጨበጨበ ይባስ ደንዳና ነውና። ነገር ግን ጭብጨባ ደረሰኝ እንጂ ክፍያ አይደለም። ክፍያው በፊትና በኋላ ያለው ነው። በፊት ያለው፥ የሚወዱትን ሰው አቅሙን ሲያሟጥጥ አይቶ «ይብቃህ፥ ተቀመጥ» ማለት ነው፤ ቡድኑ ቢሸነፍም፥ ዋንጫው ቢቀርም። በኋላ ያለው፥ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ በሩን ማንኳኳት ነው። ቫን ባስተን ከኳስ ተጫዋችነት ከተሰናበተ በኋላ ሕይወቱ አልቆመም፤ ከ2004 እስከ 2008 የአገሩን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥኗል፥ በሌሎች ቡድኖችም ሠርቷል፤ ዓለም ግን እስከ ዛሬ ደጋግሞ የሚያየው ያችን አንዲት ግብና ያን አንድ ዙር ነው። ሰውየውን ትተን ፊልሙን እንወዳለን።

ይህም የኳስ ነገር ብቻ አይደለም። ጥሩ ሠራተኛ ስለ ሆነ የሁሉ ሥራ የሚጫንበት ጸሐፊ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ወገቡ ሲሰበር የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ታማ እንጀራ የምትጋግር እናት በየቤቱ አለች፤ ስትሞት ሙሾ ይወርድላታል። እኛ መምህራንም ጐበዙን ተማሪ እናደክመዋለን፤ ሲወድቅ እንገረማለን። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ዘበኛው ሕመም ጮኾ ነበር፤ ማደንዘዣውም ብዙ ጊዜ የእኛ ምስጋና ነበረ።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ለልጅ ልጄ አነበብሁለት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና፥ «ሰውየው አሁንም አለ? ስፌት ይሰፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልሁት። ከዚያ ቡና ከጠጣንበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ ሁለት ልብስም አሰፍቼአለሁ። «እኔም ልሂድ?» አለኝ። ለትንሣኤ በዓል አብረን ልንሄድ ተስማምተናል። የልጁን ሱሪ ለማሳጠር ምክንያት አድርገን ነው የምንሄደው፤ ሱሪው ግን ልኩ ነው።